የበዓል ቀን ተረኛ ነርሶችን በአነስተኛ ገንዘብ እንዴት ማመስገን ይቻላል?

መግቢያ

«የነርስ ሥራ በዓል አያውቅም» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጣም ስለለመድነው ከትርጉሙ ላይ ቆም ብለን አናስብም። የገና ዕለት የሚወለድ ሕፃን አለ፣ የእንቁጣጣሽ ሌሊት ትኩሳቱ የሚወጣ በሽተኛ አለ፣ በዒድ ቀን ግሉኮሱ የሚያልቅ አለ። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ሲቀርብ የተወሰኑ ነርሶች ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ዋርድ ውስጥ ይውላሉ፣ ያድራሉም። እኛ የነርሲንግ ተማሪዎችም ከጥቂት ጊዜ በኋላ የምንቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ በበዓል ቀን ሥራ ላይ ያሉ ነርሶችን ብዙ ገንዘብ ሳይኖር እንዴት ማመስገን እንደሚቻል ነው። ተማሪ ኪሱ ባዶ ነው፣ የዋርድ ኃላፊም ለበዓል ብሎ የሚያወጣው በጀት የለውም። ሆኖም በተግባር ልምምድ በነበርኩባቸው ዋርዶች እንዳየሁት አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ሐሳብ ነው። በመጀመሪያ ምስጋና ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ ቀጥሎ በተግባር ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ በመጨረሻም ሊደረጉ የሚገባቸውን ጥንቃቄዎች ለማሳየት እሞክራለሁ።

በዓል በዋርድ ውስጥ

በዓል ሲደርስ ሆስፒታል የሚያርፍ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እርግጥ ነው፣ ወደ ቤት መሄድ የሚችል በሽተኛ ሁሉ ከበዓሉ ቀደም ብሎ «ልውጣ» ስለሚል አልጋዎች ይቀንሳሉ። ግን እኮ የሚቀሩት በጣም የታመሙት ናቸው። አስታማሚዎችም ተራ በተራ ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ሌላ ጊዜ እህት ወይም ልጅ ያደርጉት የነበረው ማጉረስና ማገላበጥ በነርሷ ላይ ይወድቃል። ላቦራቶሪውና ፋርማሲው በተረኛ ብቻ ይሠራሉ፣ ሐኪሙም አንድ ነው። በዚህ ላይ ከውጭ የበዓል ግርግር ድምፅ ይሰማል፣ ከጎረቤት የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል። ስልክ ይደወላል፤ «መቼ ነው የምትመጪው?» የሚል የልጅ ድምፅ ነው።

ሌላው ነገር የፈረቃው ጉዳይ ነው። በበዓል ዋዜማ አንዳንድ ሆስፒታሎች ትንሽ ዝግጅት ያደርጋሉ። ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ኃላፊዎች ንግግር ያደርጋሉ። ይሁንና ዝግጅቱ የሚደረገው ኃላፊዎች በሚገኙበት በጠዋቱ ፈረቃ ነው። የማታዋ ተረኛ ስትመጣ የምታገኘው የዳቦ ፍርፋሪና የቀዘቀዘ ጀበና ነው። ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን ሌሊት የሚያድሩት ናቸው፤ ምክንያቱም የበዓሉን ዋና ሰዓት፣ ማለትም የገናንና የፋሲካን ሌሊት የሚያሳልፉት እነሱ ሆነው ሳለ ከዝግጅቱ ውጭ የሚሆኑትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ የበዓል ምስጋና ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን እንግዛ?» ሳይሆን «በዚያ ቀን በየሰዓቱ ማን ማን አለ?» የሚለው መሆን አለበት።

ምስጋና ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

በአስተዳደር ትምህርታችን የፍሬደሪክ ኸርዝበርግን ንድፈ ሐሳብ ተምረናል። ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ሠራተኛን የሚያስከፉ ነገሮችና ሠራተኛን የሚያረኩ ነገሮች አንድ እንዳልሆኑ ገልጸዋል። ደመወዝ፣ የሥራ ሁኔታና የአለቃ ጠባይ ሲጓደሉ ሰውን ያስከፋሉ፤ ሲሟሉ ግን ቅሬታን ያጠፉ እንደሆነ እንጂ በራሳቸው ለሥራው ፍቅር አያመጡም። የሥራ ውጤትን ማየት፣ ዕውቅና ማግኘትና ኃላፊነት መቀበል ደግሞ ሰውን የሚያነሣሡ ናቸው። ንድፈ ሐሳቡ በኋላ ብዙ ትችት ቢቀርብበትም ለጉዳያችን አንድ ጠቃሚ ነገር ይነግረናል። ዕውቅና የራሱ ቦታ አለው፤ በገንዘብ አይተካም። በአንጻሩ ደግሞ ገንዘብም በዕውቅና አይተካም።

ይህ ሁለተኛው ነጥብ በደንብ ሊሰመርበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በተስፋፋበት ወቅት በእንግሊዝ ሕዝቡ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ በራፉ ላይ ቆሞ ለጤና ባለሙያዎች ያጨበጭብ ነበር። ያ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ የሰየመው፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተወለደችበት 200ኛ ዓመትም ነበር። በተከታዩ ዓመት መጋቢት ወር ላይ ግን የአገሪቱ መንግሥት ያቀረበው የደመወዝ ጭማሪ ሐሳብ 1 በመቶ ብቻ ሲሆን ነርሶቹ ክፉኛ ተቆጡ። ጭብጨባው መጥፎ ስለነበር አይደለም፤ በሌላው ነገር ምትክ የተሰጠ ስለመሰላቸው ነው። በአገራችንም በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ በአደባባይ ማንሣታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የዱቲ ክፍያው ለወራት ለዘገየበት ነርስ ድፎ ዳቦ ይዞ ሄዶ «እንኳን አደረሰዎ» ማለት ብቻውን የሚያስደስት አይሆንም። ስለዚህ እኛ የምናደርገው ነገር የሚገባቸውን መብት የሚተካ እንዳይመስል አድርገን ማቅረብ አለብን። ምስጋናው ከእኛ ነው፤ ዕዳው ግን የእኛ አይደለም።

ታዲያ ይህ ከሆነ ምስጋናው ለምን ያስፈልጋል? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሴ አጭር ነው። ሰው ክፍያው ቢሟላለትም ያላየው ሰው ከሌለ ይደክመዋል። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ሰዎች ለባለውለታቸው የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉ አደረጉ። ጸሐፊዎቹ ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት ሲገምቱ ዝቅ አድርገው ገመቱ፤ ተቀባዩ የሚሰማው መሸማቀቅ ደግሞ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ታያቸው። ይህ ለእኛም ይሠራል። «አሁን ይህን ብጽፍላት ምን ትለኛለች? ነጥብ ፈልጌ ይመስላት ይሆናል» እያልን ስንት ምስጋና በሆዳችን ይዘን ከዋርድ እንወጣለን!

ለማን ነው የምናመሰግነው?

እቅድ ከማውጣታችን በፊት የበዓሉን ሳምንት የተረኞች ሰሌዳ ከሄድ ነርሷ ጠይቆ መገልበጥ ያስፈልጋል። ሰሌዳው ሦስት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ በጠዋት፣ በማታና በሌሊት ስንት ሰው እንዳለ ያሳየናል። ሁለተኛ፣ የተረሳ ሰው እንዳይኖር ይረዳናል። ዋርድ የሚቆመው በነርስ ብቻ አይደለም። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ በሽተኛ የሚያመላልሰው ሯጭ፣ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አብረው በዓሉን ያሳልፋሉ። ለነርሶቹ ተሰጥቶ ጽዳቷን የዘለለ ስጦታ ከሚሰጥ ባይሰጥ ይሻላል እላለሁ። ሦስተኛ፣ ሰሌዳው የትኛው በዓል የማን እንደሆነ እንድናስብ ያደርገናል።

ይህ ሦስተኛው ነገር በአገራችን ትልቅ ቦታ አለው። በአንድ ዋርድ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንት ነርሶች አብረው ይሠራሉ። በየዋርዱ ያየሁት አንድ ደስ የሚል ነገር ቢኖር ሙስሊሟ ነርስ የገናን ሌሊት ለክርስቲያኗ ስትይዝላት፣ ክርስቲያኗም የዒድን ጠዋት ስትመልስላት ነው። ይህን ልውውጥ ማንም አላዘዛቸውም። ስለዚህ በገና ሌሊት ተረኛ የሆነችው ነርስ በዓሉ የእሷ ስላልሆነ ምስጋና አያስፈልጋትም ማለት ስሕተት ነው፤ እንዲያውም የሌላዋን በዓል ያስከበረችው እሷ ናት።

በተግባር ምን ማድረግ ይቻላል?

ሀ. የተጻፈ ምስጋና

ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያለው ይህ ነው። አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ዋናው ነገር ዝርዝር መሆኑ ነው። «ለሚሰጡት አገልግሎት ከልብ እናመሰግናለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለባንክ ሠራተኛም፣ ለትራፊክ ፖሊስም ሊጻፍ ይችላል። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ቢባል ይሻላል፦ «ሲስተር፣ በኅዳር ወር ትኩሳቱ አልበርድ ያለው ሕፃን እናት ስታለቅስ ከጎኗ ተቀምጠው በቋንቋዋ ያጽናኗትን አልረሳም። መጀመሪያ እናቲቱን፣ ቀጥሎ ሕፃኑን ማየት እንደሚያስፈልግ የተማርኩት ከእርስዎ ነው። መልካም የገና በዓል ይሁንልዎ።» ይህ ደብዳቤ ለሌላ ሰው ሊሰጥ አይችልም፤ ዋጋውም ከዚያ ይመጣል። በደብዳቤው ውስጥ የበሽተኛ ስም፣ የአልጋ ቁጥር ወይም ማንነቱን የሚገልጽ ነገር መግባት የለበትም። ደብዳቤው ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ እንደሚችል አስቦ መጻፍ ነው።

ለእንቁጣጣሽ ደግሞ ከባህላችን የተገኘ የተዘጋጀ ነገር አለ። ልጆች በቀለም አበባና መልአክ ሥለው ለጎረቤት ይሰጣሉ፣ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ይዞራሉ። ከእኛ መካከል እጁ ሥዕል የሚችል አይጠፋም። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለሁለት አጥፎ አንድ አደይ አበባ መሣልና ውስጡ ሁለት መሥመር መጻፍ ከመደብር ከሚገዛው የሚያብረቀርቅ ፖስት ካርድ የበለጠ ያስደስታል። መስከረም 1 ደግሞ አደይ አበባ በየሜዳው አለ።

ለ. የሚቀመስ ነገር

በእኛ አገር በዓል ያለ ማዕድ አይታሰብም። ነገር ግን ለሁሉም የሚሆን ምግብ መምረጥ ጥበብ ይጠይቃል። ሥጋ በሁለት ምክንያት አይሆንም፤ ውድ ነው፣ ደግሞም የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ የተለያየ ስለሆነ አንዱን ስናስደስት ሌላውን ከማዕዱ እናርቃለን። ወተትና ቅቤም ቢሆን ቀን ይጠይቃል። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይፈሰካል፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ግን በእነዚህ ቀናት ሲውሉ ጾሙ ስለሚጠበቅ ቅቤ የገባበት ነገር ኦርቶዶክሳውያን ባልደረቦች አይቀምሱትም። ስለዚህ ሁሉንም የሚያስማማው የታወቀው ነው፦ በዘይት የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፈንድሻ፣ ሙዝ ወይም ብርቱካን፣ ሻይና ቡና። ጠላና ጠጅ ሥራ ላይ ላለ ሰው እንደማይቀርብ መናገር አያስፈልግም።

የረመዳን ወር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል። የማታ ፈረቃ ላይ ያለች ጾመኛ ነርስ በመግሪብ ሰዓት የምትፈልገው ጥቂት ቴምር፣ ውኃና አሥር ደቂቃ ነው። ቴምሩ ርካሽ ነው፤ አሥሩ ደቂቃ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። በፋሲካም እንዲሁ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ጾማ ሌሊቱን በዋርድ የምታድር ነርስ ከቤቷ በምሳ ዕቃ የመጣላትን ወጥ የምትፈስክበት ሰዓት ያስፈልጋታል። እኛ ዶሮውን መግዛት ባንችል ሰዓቱን ልንሰጣት እንችላለን። ይህም ወደ ሚቀጥለው ነጥብ ይወስደኛል።

ሐ. ጊዜና እጅ

ተማሪ ገንዘብ ባይኖረው እጅ አለው። በበዓል ዕለት ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች በፈቃዳቸው ገብተው በተማሩትና በተፈቀደላቸው ሥራ ማገዝ ይችላሉ። አልጋ ማንጠፍ፣ የሙቀት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት መለካት፣ አስታማሚ ለሌለው በሽተኛ ማጉረስ፣ የተኛን ሰው ማገላበጥ የመሳሰሉት ማለቴ ነው። መድኃኒት መስጠትና ኃላፊነት የሚጠይቁ ሌሎች ሥራዎች ያለ ተቆጣጣሪ አይነኩም። ለዚህም አስቀድሞ ከመምህራችንና ከሄድ ነርሷ ጋር መነጋገር ግዴታ ነው፤ ዝም ብሎ በበዓል ቀን ዋርድ ውስጥ መገኘት እርዳታ ሳይሆን ግርግር ይሆናል።

ባለፈው ገና በነበርኩበት ዋርድ ይህንን አድርገን አይተናል። ነርሶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሃያ ሃያ ደቂቃ እንዲቀመጡ፣ በዚያ ሰዓት እኛ ከቀሪዎቹ ነርሶች ጋር አልጋዎቹን እንድንከታተል ተስማማን። በኋላ አንዲት ብዙ ዓመት የሠሩ ሲስተር ዳቦውን አመስግነው፣ የገረማቸው ግን ዳቦውን ተቀምጠው መብላታቸው እንደሆነ ነገሩን። ሌላ ጊዜ በአንድ እጅ ቻርት፣ በአንድ እጅ ዳቦ ይዘው እንደሚዞሩ የምናውቅ ሁሉ ገባን።

ገንዘቡን ማሰባሰብና ማከፋፈል

ገንዘብ በበዓሉ ዋዜማ ሲጠየቅ ሁሉም የራሱ ወጪ ስላለበት ይከብደዋል። ቤት የሚሄድ ለትራንስፖርት ይቆጥባል፣ ላኩልኝ የሚልም አለ። የሚሻለው እንደ ዕቁብ ቀደም ብሎ በትንሽ በትንሹ መሰብሰብ ነው። ለምሳሌ ሃያ ተማሪ በወር 25 ብር ቢያዋጣ በሦስት ወር 1500 ብር ይሆናል። ገንዘቡን የክፍል ተጠሪው ብቻውን ባይዘው፣ አንድ ሰብሳቢና አንድ ጸሐፊ ቢኖር፣ ወጪውም ተጽፎ ቢለጠፍ ለወዳጅነትም ይበጃል። መክፈል ያልቻለ ተማሪ ደግሞ ካርድ ይሥራ፣ ዳቦ ይጋግር፤ ስሙ ከዝርዝሩ አይለይ።

በ1500 ብር ምን ይደረጋል? እኛ የተጠቀምንበትን አከፋፈል ላስቀምጥ። ዋጋው ከከተማ ከተማና ከወር ወር ስለሚለያይ ቁጥሩን ሳይሆን አካሄዱን ተመልከቱ።

ለወረቀት፣ ለፖስታና ለቀለም 240 ብር
ለዳቦ ዱቄትና እርሾ 480 ብር
ለቡና 400 ብር
ለስኳር 150 ብር
ለፈንድሻና ለቆሎ 130 ብር
ለወረቀት ኩባያ 100 ብር

ድምሩ 1500 ብር ነው። በሦስቱ ፈረቃ አሥራ አራት ነርሶች፣ ሦስት የጽዳት ሠራተኞች፣ አንድ ሯጭና ሁለት ጥበቃዎች፣ በአጠቃላይ ሃያ ሰዎች ነበሩ፤ ለአንድ ሰው 75 ብር ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ዱቄቱን የጋገሩልን ከተማው ውስጥ ቤተሰብ ያላቸው ሁለት ልጆች ናቸው፤ ዳቦ ቤት ብንገዛ ኖሮ ገንዘቡ አይበቃም ነበር።

ከዚህ ውስጥ ዋናው ዘዴ ግን አንድ ነው፦ ምግቡን ገና ሳይቀርብ ለሦስት መክፈል። የጠዋቱ፣ የማታውና የሌሊቱ ድርሻ ለየብቻው ተጠቅልሎ ስም ይጻፍበታል። የሌሊቱ ድርሻ የሚደርሰው ለሌሊቱ ተረኛ እጅ በእጅ ነው እንጂ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ አይደለም። «ይተርፋል» ተብሎ የተተወ ዳቦ ተርፎ አያውቅም!

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

አንደኛው የእሳትና የጭስ ጉዳይ ነው። ቡና ማፍላት ደስ ይላል፣ ቄጤማው፣ ከሰሉ፣ ዕጣኑ ሁሉ በዓል በዓል ይሸታል። ነገር ግን ኦክስጅን ያለበት ክፍል አጠገብ ከሰል ማቀጣጠል እጅግ አደገኛ ነው። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ነገር ግን በፍጥነትና በኃይል ያነድደዋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጨስ ከሰል ደግሞ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። የዕጣን ጭስ አስም ያለበትን በሽተኛ ያስነሣበታል። ስለዚህ ቡናው ውጭ ተፈልቶ በፔርሙዝ ይግባ። ጀበናው ለጌጥ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ማንም አይቃወምም።

ሁለተኛው የንጽሕና ጉዳይ ነው። ምግብ በመድኃኒት ጋሪ ላይ ወይም መርፌ በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ የነርሶች ማረፊያ ክፍል ይመረጣል። እጅ መታጠብ ከሁሉም ይቀድማል። ትኩስ አበባም ቢሆን ወደ ጽኑ ሕሙማንና ወደ ቃጠሎ ክፍል አይገባም፤ የአበባ ውኃ ተሕዋስያን ስለሚራቡበት ነው። ለእነዚህ ክፍሎች የተሣለው አበባ ይበቃል።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከባዱ፣ የስጦታና የጉቦ ልዩነት ነው። እኛ ከነርሶቹ ነጥብ የምንቀበል ተማሪዎች ነን፤ በሽተኛውና ቤተሰቡም ከእነሱ እንክብካቤ የሚጠብቁ ናቸው። በዚህ መካከል የሚሰጥ ነገር ምስጋና መሆኑ ቀርቶ እጅ መንሻ ሊመስል ይችላል። ይህ እንዳይሆን አራት ቀላል ደንቦች በቂ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ በፍጹም አይሰጥም። ስጦታው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመላው ዋርድ ይሰጣል። በግልጽ፣ ሰው እያየ ይሰጣል። የተግባር ምዘና በሚሞላበት ሳምንት አይሰጥም። ማመስገን የሚፈልግ የበሽተኛ ቤተሰብም «ምን ላምጣ?» ብሎ ቢጠይቀን በሽተኛው ከወጣ በኋላ ለዋርዱ ሁሉ የሚሆን ነገር ወይም ለሆስፒታሉ የምስጋና ደብዳቤ እንዲሆን መንገር ነው። ደብዳቤው በግል ማኅደር ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ከአንድ ኪሎ ብርቱካን ይበልጣል።

አራተኛው ፎቶግራፍ ነው። በበዓል ቀን ሁሉም ስልኩን ያወጣል። ነርሶቹ ፈቅደው መነሣት ይቻላል፤ ግን ከኋላቸው አልጋ፣ በሽተኛ፣ ወይም የተሰቀለ ቻርት መታየት የለበትም። የበሽተኛ ምሥጢር በበዓል ቀንም ምሥጢር ነው።

ኃላፊዎችስ?

ይህ ጽሑፍ ለመምህራኖቻችንም የሚደርስ በመሆኑ ነጻ ስለሆኑ፣ ማለትም አንድ ብር እንኳ ስለማይጠይቁ ነገሮች ትንሽ ማለት እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው የሰሌዳ ፍትሕ ነው። ባለፈው ፋሲካ የገባች ነርስ ዘንድሮም እንዳትገባ የበዓል ተረኞችን ስም በአንድ ደብተር መዝግቦ ማቆየት ይበቃል። ሰሌዳው ከበዓሉ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት ቢወጣ ደግሞ ነርሷ ልጇን የሚይዝላት ሰው ለመፈለግ፣ ከባልደረባዋም ጋር ለመለዋወጥ ጊዜ ታገኛለች። በእኔ አስተያየት ይህ ከየትኛውም ስጦታ በፊት የሚመጣ ስጦታ ነው።

ሁለተኛው መምጣት ነው። ሜትረኗ ወይም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በበዓል ሌሊት ለአሥር ደቂቃ በየዋርዱ ዞረው «እንኳን አደረሳችሁ፣ እንዴት እያደራችሁ ነው?» ቢሉ የሚፈጥረውን ስሜት ያየ ያውቀዋል። ሰው መታየቱን ይፈልጋል። በአንድ ዋርድ ኃላፊዋ ሌሊት መጥተው ለብቻዋ የነበረችውን ተረኛ በስሟ ጠርተው ሰላም ሲሏት አይቻለሁ፤ ለሳምንት ያህል ወሬው እሱ ነበር።

የዓለም የነርሶች ቀን ግንቦት 4፣ ማለትም የናይቲንጌል የልደት ቀን እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ላይ ይከበራል። መልካም ነው። በአገራችንም ሙያውን ያከበሩ ቀደምት ነበሩን፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 አጠናቃለች። እ.ኤ.አ. በ1942 በ22 ዓመቷ ስታርፍም በስሟ ሆስፒታል ተሠርቶላታል። ሆኖም የነርሶች ቀን በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአዳራሽ፣ በማይክሮፎን የሚከበር ነው። የዋርዱ በዓል ደግሞ በዓመት ስንት ጊዜ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን የለም።

ማጠቃለያ

ባጭሩ ለማለት የፈለግሁት ይህ ነው። በበዓል ቀን ሥራ ላይ ላሉ ነርሶች የሚደረግ ምስጋና ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን አሳብ ይጠይቃል። ሰሌዳውን ማየት፣ ሌሊቱን አለመርሳት፣ ለሁሉም የሚሆን ምግብ መምረጥ፣ ዝርዝር ያለው ደብዳቤ መጻፍ፣ ከሁሉም በላይ ሃያ ደቂቃ እንዲቀመጡ እጃችንን ማበደር በአቅማችን ያለ ነገር ነው። ይህ ሁሉ የዱቲ ክፍያን ወይም ተገቢ ደመወዝን አይተካም፣ ሊተካም አይገባም። ደመወዙን በሚመለከት እኛ ተማሪዎች ዛሬ የምናደርገው ጥቂት ነው። ምስጋናን በሚመለከት ግን የምናደርገው ብዙ ነው፤ የሚከለክለንም የለም።

የክፍላችን ተማሪዎች ለመጪው በዓል ካሁኑ በወር 25 ብር ማዋጣት ብንጀምር፣ ሦስት ሰዎችም ሰሌዳውን የሚከታተሉ ብንመርጥ በቂ ነው። ሐሳብ ያለው ተማሪም ሆነ መምህር ለክፍል ተጠሪዎች ቢነግረን በደስታ እንቀበላለን። ወረቀቱንና ቀለሙን እኔ አመጣለሁ።